እሳቱን ከቤት ያወጣው ሰው

ተረት ተረት ብዬ አልጀመርኩምና «የመሠረት» አትበሉኝ። የያዝኩት የማገዶ ወሬ ነው፤ የእንጨት፣ የጭስና የበረዶ። ባለታሪኩ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፣ ከበሚጂ ከተማ ወዲያ ደን ዳር የሚኖር የመንዝ ሰው ነው፤ ሥራው ከባድ መኪና መንዳት። ስሙን ለራሱ እንተውለትና ወዳጄ እያልኩ ልቀጥል።

መንዝን ላልረገጠ ልንገር። ሰው የበግ ጠጉር ባና ተከናንቦ የሚያድርበት፣ ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚገኝበት ደጋ ነው። ብርዱ እንዲያ ሆኖ ሳለ ዛፍ ብርቅ ነው፤ ምጣዱ የሚግለው በኩበት ነው። ወዳጄ በልጅነቱ ከከብት ኋላ እየሄደ እበት ለቅሟል፤ እናቱ የጠፈጠፈችውን ኩበት ፀሐይ ላይ አገላብጧል፤ ደመና ሲያንዣብብ ሮጦ ክምሩን ከድኗል። እርጥብ ማገዶ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ምጣድ እንደማያግል የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም ነበር። ይህን ያዙልኝ። ይህን እያወቀ የገጠመው ነው ወሬዬ።

በፈረንጆቹ 2013፣ በረዶው ሳይጀምር፣ ከሴንት ፖል ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሰሜን ወጣ። ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ የእኛ ሰው የሞላባቸው ከተሞች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ እንጀራውም፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰውም እዚያ አለ። የቤት ዋጋው ነው የማይቀመሰው። ሰሜን ላይ በዚያው ገንዘብ ቤት ከነደኑ ይገኛል። «አንተ ሰው» አለችው ባለቤቱ፣ «ከመንዝ ብርድ አመለጥኩ ብለህ ወደ ባሰው ልትከተኝ ነው?» ነገር ግን ሄዱ።

በዚያ ገጠር የጋዝ መሥመር የለም። ቤቱ የሚሞቀው በፕሮፔን ነው፤ ግቢው ውስጥ ነጭ ታንከር ተጋድሟል፤ ሲጎድል ቦቴ መጥቶ ይሞላዋል። ደኅና ነው፤ ዋጋው ደኅና እስከሆነ ድረስ።

አሁን ስሙኝ። በዚያ ዓመት መኸር የአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በቆሎ በዝቶም ረጥቦም ተሰበሰበ። ገበሬ እርጥብ በቆሎ ጎተራ አያስገባም፤ ይሻግትበታል። ማድረቂያውን የሚያሠራው በፕሮፔን ነውና የክልሉ ጋዝ በቆሎ ሲያደርቅ ተሟጠጠ። በላዩ ላይ ፕሮፔን ከሚያመጡት ዋና ቱቦዎች አንዱ ለጥገና ቆሞ ነበር። ከዚያ ብርዱ ሳይራራ ገባ። መኸሩ ሲጀምር ከ2 ዶላር በታች የነበረው አንድ ጋሎን በጃንዋሪ 2014 መጨረሻ ከ4 ዶላር አለፈ፤ የግዛቱ ገዥ ማርክ ዴይተን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ወዳጄ ቤት ቴርሞስታቱ ወረደ፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ተደረበ፤ ልጆቹ ኮት ለብሰው የቤት ሥራቸውን ሠሩ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? መንገዱን ተሻግሮ፣ አያቶቻቸው ከኖርዌይ የመጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ይኖራሉ። ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ራቅ ብላ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ቆማለች፤ ከጣራዋ አጭር የጭስ ማውጫ ወጥቷል። ወዳጄ ዓሣ የሚያጨሱባት መስላው ነበር። አንድ ቀን በዚያ ሁሉ የፕሮፔን ዋይታ መሐል ለጉዳይ ሄዶ በራቸውን ሲያንኳኳ ሽማግሌው በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ሆነው ከፈቱለት። ቤቱ ይሞቃል። ምድጃ አይታይም፣ ጭስ አይሸትም፣ ወለሉ ላይ ቅርፊትና አመድ የለም።

«ሙቀቱን ከየት ያመጡታል?» አላቸው።

በአገጫቸው ወደ ጎጆዋ አመለከቱ።

ይህን ነገር የጓሮ ቦይለር በሉት። አንዱ መፍለቂያው ያው ሚኒሶታ ነው። ለካናዳ ድንበር በምትቀርበው ግሪንቡሽ በምትባል ትንሽ ከተማ ዴኒስ ብሬዚየር የተባለ ሰው በ1984 ሴንትራል ቦይለር የሚባለውን ማምረቻ አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ይኸው ማምረቻም ሌሎችም በየገጠሩ አዳረሱት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እሳቱን ውጭ አስቀርቶ ሙቀቱን ብቻ ማስገባት። እኛስ ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ለይተን የምንሠራው ለምን ሆነና?

ሥራው እንዲህ ነው። የጎጆዋ ሆድ የብረት ማንደጃ ነው፤ ሙሉ ግንድ የሚያስገባ ሰፊ በር አለው። ማንደጃውን ዙሪያውን ውሃ ከቦታል፤ በሽማግሌው ሰባት መቶ ሊትር ግድም ነበር። እሳቱ ያን ውሃ ያሞቃል። ፓምፕ ትኩሱን ውሃ ከመሬት በታች በተቀበረ ቱቦ ወደ ቤት ይገፋል፤ ቤት ውስጥ በራዲያተር ሲያልፍ ማራገቢያ ይነፋበታል፤ ሙቀቱ በየክፍሉ ይበተናል። የገላ መታጠቢያውንም ውሃ በዚያው ያሞቃል፤ ሁለቱ ውሃዎች በስስ ብረት ተለያይተው ሙቀት ይቀባበላሉ እንጂ አይቀላቀሉም። የቀዘቀዘው ውሃ በሌላ ቱቦ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ወዳጄ ሹፌር ነውና፣ የመኪና ራዲያተር ያውቃልና፣ ሽማግሌው ሳይጨርሱ ገባው።

አንድ ነገር ብቻ አስፈራው። «ቢፈነዳስ?»

ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። በ1865 ሱልታና የተባለች የእንፋሎት መርከብ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ቦይለሮቿ ፈንድተው ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ያ ወንዝ ደግሞ የሚነሣው ከዚያው ከበሚጂ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአይታስካ ሐይቅ ነው። የጓሮ ቦይለር ግን እንፋሎት አያምቅም፤ ውሃው ከላይ ወደ አየር የተከፈተ መተንፈሻ አለው። ቢፈላ ይተናል፣ ይጎድላል፣ በገንዘብ ይጎዳል፤ ሰው አይገድልም።

በረዶው ሲቀልጥ ሽማግሌው ከማሽን መጠገኛቸው ጀርባ ቆሞ የነበረ ሌላ አሮጌ ቦይለር በርካሽ ሸጡለት። የሠሪውን ስም ዝገትና ፀሐይ አጥፍተውታል። ወዳጄ ጎበዝ ነው፤ ጉድጓዱን ራሱ ቆፈረ፣ መሠረቱን ራሱ ለሰነ። ቱቦው ላይ ሲደርስ ግን እጁ አጠረ። ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ደኅናው ቱቦ በወፍራም ፎም ተሞልቶ፣ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ተሸፍኖ የሚመጣ ነው፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። እሱ ተራውን ቱቦ ገዝቶ በስስ መሸፈኛ ጠቅልሎ ቀበረ። ሽማግሌው አይተው ዝም አሉ።

መልሱን በረዶው አመጣው። ግቢው በሙሉ እስከ ጉልበት በረዶ ሲለብስ ከቦይለሩ እስከ ቤቱ ድረስ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ሣር ሆና ቀረች። የሽማግሌው ውሻ በየጠዋቱ መጥቶ እዚያች መስመር ላይ ይጋደማል። መሸፈኛው ውስጥ ውሃ ገብቶ ሙቀቱ መሬቱን እያሞቀ ነው። «ውሻዬን ስላሞቅክልኝ አመሰግናለሁ» አሉት ሽማግሌው። በሚቀጥለው በጋ እንደገና ቆፍሮ፣ ደኅናውን ቱቦ ገዝቶ ቀበረ።

ይህ ግን ትንሹ ጣጣ ነው። ትልቁ እንጨቱ ነው።

እዚያ አገር ማገዶ በኮርድ ይለካል፤ 4 ጫማ ቁመት፣ 4 ጫማ ወርድ፣ 8 ጫማ ርዝመት ያለው ክምር። 128 ኪዩቢክ ጫማ ይሆናል፤ በእኛ ልኬት ሦስት ተኩል ሜትር ኩብ ያልፋል። እንዲህ ያለ አሮጌ ቦይለር በዚያ ብርድ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አሥር ኮርድና ከዚያም በላይ ቢበላ ማንም አይገርመው። ኩበት እየቆጠረ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደተሰማው አስቡት። በዚያ ላይ በፕሮፔኑ የተቃጠለ ሁሉ ወደ እንጨት ዞሯልና የደረቀ ማገዶ በአካባቢው ጠፋ። አንድ ሻጭ «የደረቀ ነው» ብሎ የጭነት መኪና ሙሉ ግንድ አራገፈለት። ወዳጄ አንዱን ፍልጥ አንሥቶ ከሌላው ጋር አጋጨው። ደረቅ እንጨት ሲጋጭ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ይህኛው ድም ብሎ ቀረ። አወቀ። ግን በረዶው ደጅ ነበር፤ ሌላ እንጨት አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው።

ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ያ ውሃ መትነን አለበት። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን የሚፈጀው ሙቀት ያንኑ ሊትር ከበረዶነት አፋፍ እስከ መፍያው ለማድረስ ከሚፈጀው አምስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰው ከእሳቱ ጥቂት የማይባለውን እንፋሎት አድርጎ ለሰማይ ይሰጣል። ቀሪው እሳት ደካማ ነው፤ ደካማ እሳት ደግሞ ከእንጨቱ የወጣውን ጋዝ ማቃጠል አይችልም። ያልተቃጠለ ጋዝ ነው ጭስ ማለት።

በዚህ ላይ የአሮጌው ቦይለር የራሱ ጠባይ ይጨመራል። ውሃው 85 ዲግሪ ሲደርስ የአየር መግቢያዋ በር በራሷ ትዘጋለች፤ አምስት ስድስት ዲግሪ ሲወርድ ትከፈታለች። በሯ ስትዘጋ እንጨቱ ውስጥ አለ፣ ፍሙም አለ፣ አየር ግን የለም። አይነድ፣ አይጠፋ። ለሰዓታት ታፍኖ ይጨሳል። ግድግዳው ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ቅባት ይጋገራል፤ ክሪዮሶት ይሉታል። በሯ ስትከፈት የታፈነው ሁሉ በአንዴ ይወጣል። ሰው ደግሞ «ትልቅ ይሻለኛል፤ በቀን አንዴ ሞልቼ እገላገላለሁ» ብሎ ቤቱ ከሚፈልገው እጥፍ የሚበልጥ ቦይለር ይገዛል። ትልቁ ቦይለር ውሃውን ቶሎ ያሞቅና ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ ይጨሳል። በእኔ ግምት ይህን መሣሪያ ክፉ ስም ያሰጠው ከብረቱ ይልቅ ይህ የስንፍና ስሌት ነው።

ጭሱስ የት ይሂድ? ማውጫው አጭር ነው፤ ጭሱም ስለበረደ ለመውጣት ጉልበት የለውም። ነፋስ በሌለበት የበረዶ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛና ሞቅ ያለው ከላይ ይከድነዋል። ጭሱ በዛፎቹ መሐል ዝቅ ብሎ ይሳባል። የሚሄደው ወደ ቦይለሩ ባለቤት ቤት አይደለም፤ ያ ቤት መስኮቱ ተዘግቶ፣ በንጹሕ ሙቀት ተሞልቶ ተቀምጧል።

ከወዳጄ በስተምሥራቅ፣ ከጥድ ዛፎቹ ወዲያ፣ አስም ያለበት ልጅ የምታሳድግ ሴት ነበረች። በ2015 መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ መጣች። አልጮኸችም። ልጇ ሌሊት እንደሚያስለው፣ ልብስ ውጭ ማስጣት እንዳቃታት፣ መስኮት ባይከፈትም ጭሱ እንደሚገባ ነገረቻቸው። የወዳጄ ባለቤት እንደ አገሯ ወግ «ግቢ፣ ቡና ጠጪ» አለቻት። ገባች። ሳሎኑ መሐል ቆማ አንዴ ወደ ውስጥ ሳበች፤ ዙሪያውን አየች። ከዚያ «እናንተ ቤት ምንም አይሸትም» አለች።

ወዳጄ ይህችን ቃል ሲያወራልኝ እስካሁን አንገቱን ይደፋል። እናቱ በኩበት ጭስ ዓይኗ ቀልቶ፣ ደረቷ እየተዘጋ የኖረች ሴት ናት። እሷ ግን የራሷን ጭስ ነበር የምትጠጣው።

ሕግ አለ ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ቨርሞንት ግዛት ቀድማ በ1997 እንዲህ ያለው ቦይለር ከጎረቤት ቤት 200 ጫማ፣ ስልሳ ሜትር ማለት ነው፣ እንዲርቅ ደነገገች። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደግሞ ልክ በዚያው በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ለጓሮ ቦይለር የጭስ ገደብ አወጣ፤ ከሜይ 2020 ጀምሮ ይበልጥ አጠበቀው። ነገር ግን ገደቡ አዲስ ተሠርተው የሚሸጡትን ነው የሚይዘው፤ በየጓሮው የቆሙትን አሮጌዎች አልነካም። ወዳጄ በሕግ ንጹሕ ነበር። ከጭሱ የሚያስፈራው ደግሞ የማይታየው ነው፤ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጥ ደቂቅ ብናኝ፣ የሰው ጠጉር ሠላሳ እጥፍ የሚወፍረው፤ በአፍንጫ የማይያዝ፣ ሳንባ ሥር ድረስ የሚዘልቅ። ለዚህ ብናኝ የጥድ ዛፍ አጥር አይሆንም።

ያን ዓመት ማድረግ የሚችለውን አደረገ። የጭስ ማውጫውን አስረዘመ። ሆዱን ጢም አድርጎ መሙላት ትቶ በትንሽ በትንሹ፣ እሳቱ እየነደደ እንዲያልቅ ማንደድ ጀመረ። ብርዱ ለዘብ ባለ ጊዜ ቦይለሩን አጥፍቶ ወደ ፕሮፔኑ ተመለሰ። ከሁሉ በላይ ግን እንጨት ማድረቅ ያዘ፤ ያን ጊዜ የመንዝ ልጅነቱ ተመለሰ። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይደረድራል፤ ነፋስ እንዲመታው ጎኑን ክፍት ትቶ ጫፉን ብቻ ይከድናል። በርች የሚባለውን ነጭ ዛፍ ዕለቱን ይፈልጠዋል፤ ቅርፊቱ ውሃ ስለማያስወጣ ሳይፈለጥ ከተቀመጠ ይበሰብሳል። ኦክን፣ ያንን ጽኑ እንጨት፣ ሁለት በጋ ሳያልፈው አይነካውም። ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ አዲስ የተፈለጠ ጎኑ ላይ ይሰካል፤ ከ20 በመቶ በላይ ካሳየ ወደ ክምሩ ይመልሳል።

አንድ ጊዜ እንዲያውም በነጻ ማገዶ ተፈትኖ ነበር። ሴንት ፖል ውስጥ የታመሙ አሽ የሚባሉ ዛፎች በየመንገዱ እየተቆረጡ ግንዳቸው ይከመር ነበር። ያመማቸው ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ ነው፤ በ2002 ዲትሮይት አጠገብ ታወቀ፤ በ2009 ሴንት ፖል ደረሰ። ትሉ ከቅርፊቱ ሥር እየበላ ዛፉን ያደርቀዋል። ወዳጄ ባዶ ተጎታች እየጎተተ ሲመለስ ያን ሁሉ ግንድ አይቶ ምራቁን ዋጠ። ለሽማግሌው ደወለ።

«አንዷን ግንድ እዚህ ካራገፍክ» አሉት፣ «የዚህ ረግረግ አሽ በሙሉ በልጆችህ ዕድሜ ያልቃል። ደግሞም ሕጉ አይፈቅድም።» እውነታቸውን ነው፤ ያ ጥንዚዛ ራሱ ከሚበርረው ይልቅ ሰው በማገዶ ጭኖት የሚሄደው ይርቃል። ተጎታቹ ባዶውን ተመለሰ።

ስለ ባለቤቱ ሳልነግራችሁ ብዙ ሄድኩ። ባልየው ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ሲውል እሳቱን የምታነደው እሷ ናት። ከሥራ ደክማ ትገባለች፣ ቦት ትጫማለች፣ የራስ መብራት ታስራለች፣ ወደ ጨለማው ትወጣለች። ከእሳቱ በር ጎን ቆማ መጀመሪያ ጥቂት ከፈት፣ ከዚያ ጋዙ ሲወጣ ሙሉውን፤ በአንዴ ከከፈቱት ነበልባል ፊት ላይ ይመጣል። «ላም ነው የገዛህልኝ» አለችው በስልክ። «ጠዋት ማታ ካልቀለቡት የማይሆን፣ ጥሎ የማይኬድ። ላምስ ወተት አላት።» ለገና ሴንት ፖል ለመውረድ እንኳ ወይ ሽማግሌውን መለመን፣ ወይ ለፕሮፔኑ መክፈል ነበረባቸው። ወንዱ የማገዶ ጀግና ሲባል እሷን የሚያነሣ አልነበረም።

እስከ ጃንዋሪ 2019 ማለቂያ። በዚያ ሳምንት ከሰሜን ዋልታ የተለቀቀው ብርድ ሚኒሶታ ላይ ተኛ። ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ገባ፤ ኮተን የምትባል የሰሜን መንደር 49 ዲግሪ ግድም ደረሰ። በበረዶ የማይበገረው ፖስታ ቤት እንኳ በግዛቱ ደብዳቤ ማደል አቆመ። ወዳጄ ፋርጎ የምትባል ከተማ ላይ ናፍጣው ረግቶበት ቆሟል። ሌሊት መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ የፕሮፔኑም ምድጃ ማራገቢያ ይቆማል፤ የቦይለሩም ፓምፕ ይቆማል። ጓሮ ያ ሁሉ ትኩስ ውሃ ተቀምጦ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ባልየው በስልክ «በሩን እንዳትከፍቺ፣ አየሩ ይዘጋ፣ መጀመሪያ…» ሲል አቋረጠችው።

«ባትሪውን ከበጋ ጀምሮ ቻርጅ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለች። «አንተ ናፍጣህን አሙቅ።»

ዘጋችበት። የመኪና ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ሽማግሌው ገና በመጀመሪያው ዓመት አስገዝተዋቸው ነበር። ፓምፑ የሚፈልገው ኃይል ከአንድ የድሮ አምፖል አይበልጥም፤ አንድ ደኅና ባትሪ ሰዓታት ያንቀሳቅሰዋል። ሁለት ነበሯት። ልጆቹን ሳሎን ሰብስባ አስተኛች፤ እሷ ከባትሪው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሊነጋጋ ሲል መብራቱ መጣ። ወዳጄ በሁለተኛው ቀን ሲደርስ ቡና እያፈላች ነበር፤ ምንም አላለችው፤ እሱም ከዚያ በኋላ ስለ ቦይለሩ ለሰው ሲያወራ «እሷን ጠይቁ» ማለት ጀመረ።

አሮጌው ቦይለር የሞተው በእሳት ሳይሆን በውሃ ነው። እነዚህን ነገሮች የሚገድላቸው ዝገት ነው፤ ለዚያ ነው ውሃቸው መድኃኒት የሚጨመርበትና በየዓመቱ ናሙናው የሚመረመረው። ከእነሱ በፊት የነበረውን እንክብካቤ ማን ያውቃል፤ በ2020 አመዱ ሥር ርጥበት ታየ። ብየዳ ያድነው ነበር። ወዳጄ ግን አዲሱን ዓይነት ለመግዛት ወሰነ፤ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሚወጣበትን። በዚህኛው እሳቱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ይሳባል፤ ከእንጨቱ የወጣው ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከታች ባለው ክፍል ከአየር ጋር ተገናኝቶ በአንድ ሺህ ዲግሪ ግድም ይነድዳል። ያ ሁሉ ይወጣ የነበረ ጭስ ማገዶ ሆነ ማለት ነው። የሚበላውም እንጨት ከቀድሞው በሲሶ ያህል አነሰ። በጎው ነገር እንዲህ ነው፤ ግን ቀበጥ ነው። እርጥብ እንጨት ከሰጡት ያኮርፋል፤ ፍልጡ ተንጠልጥሎ ከቀረ እሳቱ ይሞታል፤ አመዱ በየሳምንቱ ካልተጠረገ ሙቀቱ ይቀንሳል። ሽማግሌው ዞር ዞር ብለው አይተውት «ለሰነፍ አይሆንም» አሉ። እሳቸው አሮጌውን አልቀየሩም፤ ከእሳቸው ግቢ በስተምሥራቅ፣ ጭሱ በሚሄድበት በኩል፣ የሚኖር ሰው የለም።

አሮጌውን የሚገዛ አንድ ጎልማሳ ተጎታች ይዞ ከሌላ ወረዳ መጣ። ወዳጄ የመቁረጫ ችቦውን እያዘጋጀ ነበር።

«ይሠራል አይደል?»

«ብትበይደው ይሠራል።»

«ታዲያ ለምን ትቆርጠዋለህ? ገንዘብ ይዤ መጥቻለሁ።»

«ጎረቤት አለህ?»

«አለ። ምን አገናኘው?»

ወዳጄ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ብረቱን ቆራርጦ ለቁራሌው በኪሎ ሸጠው፤ ያገኘው ገንዘብ ሰውየው ካቀረበለት ከሩብ አይሞላም። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ትወቅሰዋለች። «ለጎረቤት ማሰቡ መልካም» ትላለች፣ «ግን የሩቁን ሰው ጎረቤት አንተ ታውቀዋለህ? ያ ሰውዬ መቼም ሌላ አሮጌ ገዝቷል።» እሱ መልስ የለውም፤ ክምሩን ሊከድን ይወጣል።